የሶሊንገን ታጣፊ ምላጭ፦ ስለቱ ለምን አይቆይልኝም?

የኮሎኙ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጀርመን፣ ኮሎኝ ነው። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ታጣፊ ምላጭ ገዛሁ። የድሮ ጸጉር አስተካካዮች የሚይዙት ዓይነት ነው፤ ምላጩ አይቀየርም፣ ራሱ ነው የሚሳለው። የሠሪው ስም ተፍቋል። «ሶሊንገን» የሚለው ብቻ ይነበባል። ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ሻጩ «አምስት ስምንተኛ» (የኢንች) ይለዋል። ሁለቱም ጎኑ ጎድጎድ ብሎ የተሞረደ ነው።

ሶሊንገን ለኛ ቅርብ ስለሆነች እዚያው ወስጄ ለባለሙያ አሳልኩት። መጀመሪያ ላይ ጉድ ነበር። ፊቴ ላይ መሄዱ አይሰማኝም። ትንሽ ሰንብቶ ግን መሳብ ጀመረ። በተለይ አገጬ ላይ ጸጉሩን ይጎትታል እንጂ አይቆርጥም። መልሼ አሳልኩት፣ መልሶ ያው ሆነ።

ከመላጨቴ በፊት ሁልጊዜ ስለት በሚያቃና የምላጭ ማሻ ቆዳ ላይ አሽቼ ነው። ለሌላ ሥራ አይነካም። ለመሳያ የከፈልኩት ምላጩን ከገዛሁበት ሊበልጥ ነው። ወይ ብረቱ ነው፣ ወይ እጄ ነው፣ ወይ ሳዩ ነው። እስቲ ምን ትላላችሁ?

ዲሲ_ድንጋይ

በሽታው ይዞሃል ማለት ነው ወንድሜ፣ ቶሎ አይለቅም።

ራስህ ሳለው። በየጊዜው ለሰው እየከፈልክ አትዘልቀውም። ደግሞ ከምትገምተው በላይ ቀላል ነው፤ ማዕዘኑን የሚጠብቅልህ ምላጩ ራሱ ነው። ጀርባውንም ስለቱንም አንድ ላይ ድንጋዩ ላይ ታስተኛለህ፣ አለቀ። የጀርባው ውፍረትና የምላጩ ስፋት ተደምረው ከ16 እስከ 17 ዲግሪ የሚሆን ስለት ይሰጡሃል። የወጥ ቤት ቢላ ላይ ማዕዘኑን በእጅህ እየገመትክ ነው የምትስለው፤ እዚህ ግን የእጅህ ሥራ ማስኬድ ብቻ ነው።

ቁጥር 1000 ድንጋይ ስለት ያወጣል። 4000 እና 8000 ጭረቱን ያጠፋሉ። 12000 ያሳምረዋል። እኔ በየሳምንቱ 12000 ላይ ውሃ ጠብ አድርጌ አስኬደዋለሁ። ስቦኝ አያውቅም።

ጋሽ_ፒያሳ

በየሳምንቱ? ልጄ፣ ምላጩን በቁሙ እየበላኸው ነው!

ድንጋይ ብረት ይቀንሳል። ቆዳ የተጣመመውን ያቃናል፣ ያለሰልሳል እንጂ ይህን ያህል አይቀንስም። ለአንድ ሰው ፊት ብቻ የሚሠራ ምላጭ በወጉ ከተያዘ ድንጋይ ሳይነካ ወራት ይቆያል። እኛ ጸጉር ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ስንላጭ ውለን እንኳ የሚያውለን ቆዳው ነበር።

የኮሎኙ፣ አንተ መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንዳለ እይ። ማታ ሌላውን መብራት አጥፋና አንድ አምፖል ብቻ ተው። ምላጩን ክፈት። ጀርባው ወደ መሬት፣ ስለቱ ወደ ላይ ይሁን። ከአምፖሉ ሥር ያዝና አፉን ከላይ ቁልቁል ተመልከት። ቀስ እያልክ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አዘንብለው። በደንብ የተሳለ አፍ ብርሃን አይመልስም፤ መስመሩም አይታይህም። ብልጭ የሚል ነጥብ ካየህ እዚያ ቦታ ላይ ስለት የለም።

ነጥቡ ያለበት ቦታ ብዙ ይናገራል። ጫፉ ላይ ብቻ ከሆነ ቧንቧ ነክቷል፣ ወይም ሲታጠፍ እጀታውን መትቷል። መሃሉ በሙሉ ካበራ ስታሽ ቆዳው ረግቧል ማለት ነው። የረገበ ቆዳ አፉ ላይ ይጠቀለላል፣ ስለቱን ያጎብጠዋል። ዳር እስከ ዳር ካበራ ደግሞ እጅህ ይጫናል።

አስተሻሸቱን ታውቀዋለህ ብዬ አልገምትም፣ ስለዚህ ልድገመው። ቆዳውን ወጥር። ጀርባው ይቅደም፣ ስለቱ ይከተል። ዳር ስትደርስ ጀርባው ከቆዳው ሳይነሳ በጀርባው ላይ ገልብጠው። አየር ላይ አንስተህ ከገለበጥክ ስትመልሰው አፉን ትመታዋለህ። ጫና አያስፈልግም፣ የምላጩ ክብደት ይበቃል። መጀመሪያ ሸራ ጨርቅ ላይ 20 ጊዜ ያህል ሂድበት፣ ከዚያ ቆዳው ላይ ከ40 እስከ 60። ፍጥነት ለማሳየት የሚሞክር ልጅ ቆዳውን ቆርጦ ነው የሚመለሰው።

ቆዳውን ከማሸትህ በፊት በመዳፍህ ጥረገው። የመዳፍ ወዝ ይበቃዋል። ቅቤ የሚቀቡ አይቻለሁ። ቅቤ አቧራ ይይዛል፣ ይሸታልም።

ጥያቄ_አብዢ

ጋሼ እናመሰግናለን። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ቀበቶ አይሆንም? ፊልም ላይ በቀበቶ ሲያሹ አይቻለሁ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ የምላጭ ቆዳ የሚሸጥ ሱቅ አላየሁም።

ደግሞ ሌላ፣ ይሄ ሁሉ መከራ ከምን የተነሳ ነው? ግማሽ ምላጭ የሚገባበት መያዣ አለ አይደል? ገዝቶ፣ ተላጭቶ፣ መጣል።

ጋሽ_ፒያሳ

የአሁን ቀበቶ ብዙው ላዩ ቀለም የተቀባ ነው፣ ውስጡ ደግሞ የተፈጨ ቆዳ በማጣበቂያ የተጋገረ። ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ አፉን ይበላዋል።

ቆዳ እንኳ በኛ አገር አይቸግርም። ወደ ሞጆ ብትወርድ ፋብሪካው ብዙ ነው። የበግ ቆዳ ግን እንዳትወስድ። የኛ በግ ቆዳ ለጓንት በዓለም የታወቀ ነው፤ ስስና ለስላሳ ስለሆነ ይለጠጣል፣ ለምላጭ አይሆንም። የበሬ ወይም የላም ቆዳ፣ በዕፅ የለፋ፣ ፊቱ ለስላሳ፣ ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ፈልግ። ስፋቱ ከምላጩ ርዝመት ከበለጠ ቀጥ አድርገህ ታሻለህ። ጠባብ ከሆነ በሰያፍ ሂድ፣ ጫፉም ሥሩም እንዲዳረስ።

ግማሽ ምላጩን በተመለከተ ለጸጉር ቤት እሱ ነው ትክክሉ። ለአንድ ደንበኛ አንድ ምላጭ፣ ከዚያ መጣል። እኔም መጨረሻ ላይ ወደዚያው ገብቻለሁ። ለቤትህ፣ ለራስህ ፊት ብቻ ከሆነ ግን የድሮው ምላጭ ለቆዳ ለስላሳ ነው። አይነክስም።

አወያይ

ጋሽ_ፒያሳ ያሉትን ላጠናክረው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ሆኖ ዕቃ ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። የሚሳል ምላጭ ለወንድምም፣ ለአባትም፣ ለጓደኛም አይዋስ። እዚህ ክር (ውይይት) ላይ የምናወራው የአንድ ሰው የግል ምላጭን ብቻ ነው።

ጥያቄ_አብዢ

እሺ። እኔ ግን ለብቻዬም ቢሆን ንጽሕናው ያሳስበኛል። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገዛ ምላጭ የማን ፊት ላይ እንደነበረ ማን ያውቃል? ባፈላውስ? አንዳንድ ጸጉር ቤት ዕቃውን አልኮል አርከፍክፈው ክብሪት ይለኩሱበታል። እሱስ?

ጋሽ_ፒያሳ

እሳቱን ተወው! መቀስ ይችለው ይሆናል። የምላጭ አፍ ግን ከመሳሳቱ የተነሳ በአፍታ ይግላል። ወደ 220 ዲግሪ ሲደርስ ገለባ መልክ ያወጣል፣ 300 አካባቢ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ካየህ የብረቱ ጥንካሬ ሄዷል። ምንም ያህል ብትስለው ያ ቦታ ስለት አይዝም። አሮጌ ምላጭ ስትገዛም አፉ አካባቢ ሰማያዊ ጥላ ካለ ተወው።

በእግር በሚዞር ድንጋይ ቢላ ለሚስሉትም አትስጥ። እነሱ ለቢላና ለመቀስ ናቸው። ያ ድንጋይ እሳት እየተፋ ምላጩንም ያግላል፣ ጎድጓዳ ጎኑንም ያበላሻል።

አወያይ

ማፍላቱም ብዙ አይጠቅምህም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ላይ የቀንድ እጀታ በፈላ ውሃ ይጣመማል። በሳሙናና በለብታ ውሃ እጠበው፣ ከዚያ በ70 በመቶ አልኮል ጥረገውና ይድረቅ። በረኪና አጠገቡ አይድረስ፣ ያዝገዋል።

ዲሲ_ድንጋይ

ወደ ዋናው ነገር ልመልሳችሁ። ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ምላጭን የሚያደነዝዘው አያያዝ ብቻ አይደለም። ራሱ ጸጉሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ምላጭ ጸጉር ሲቆርጥ በማይክሮስኮፕ ተመልክተዋል። ብረቱ ከጸጉር 50 ጊዜ ያህል ይጠነክራል። ግን ጸጉሩ ጎንበስ ብሎ ሲቆረጥና የብረቱ ውስጥ ወጥ ያልሆነበት ቦታ ላይ ሲያርፍ አፉ ይሸረፋል። ጥናቱ በሚጣል ምላጭ ላይ ነው የተሠራው፤ የእኛም ምላጭ ቢሆን ብረት ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ድንጋይ የማይቀር ነው።

ጋሽ_ፒያሳ

አንድ ቀን አይቀርም። በየሳምንቱ ነው ያጣላን።

ጸጉሩ ጎንበስ ሲል ነው የሚሸርፈው አልክ። አየህ፣ ለዚህ ነው ጢሙ መራስ ያለበት። ደረቅ ጢም ይገትራል። በሞቀ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ከራሰ ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥም ኃይል አይፈልግም። የሞቀ ፎጣ ፊት ላይ የምናደርገው ለሰውየው ምቾት ብቻ አይደለም፣ ለምላጩም ነው። የምትይዝበት ማዕዘንም አለ። ጀርባው ከቆዳው ብዙ እንዳይርቅ፣ 30 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። ቀጥ ካደረግኸው ይፍቃል፣ ይቧጥጣል።

ጥያቄ_አብዢ

ይቅርታ፣ አሁንም እኔ ነኝ። ጢሜ ጥቅልል ነው። ስላጭ አንገቴ ላይ ሽፍታ ይወጣል። ይሄ ምላጭ ይሻላል ወይስ ይብሳል?

ዲሲ_ድንጋይ

ብዙ የኛ ሰው ላይ አለ ብሮ፣ እኔም ላይ። ጥቅልል ጸጉር ቆዳ ሥር ድረስ ሲቆረጥ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። ባለ ብዙ ምላጩ መላጫ ጸጉሩን ስቦ ስለሚቆርጠው ያባብሰዋል። በታጣፊው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጸጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ሂድ። ወደ ላይ መመለስ የለም። ትንሽ ቢቀር ይቅር። ከባሰብህ ግን ለጊዜው አትላጭ፣ የቆዳ ሐኪምም ይየው። ሌላ ክር ብትከፍት ይሻላል፣ ይህኛው የኮሎኙ ነው።

ዱባይ_ላብ

እኔ ባለሁበት በበጋ መስተዋቱ ራሱ ያልበዋል። ስለ ዝገት እኔን ጠይቁኝ።

የድሮዎቹ ምላጮች የካርቦን ብረት ናቸው፣ እንደ ዘመናዊ ማንኪያ አይዝግ ብረት አይደሉም። ዝገት ደግሞ የሚጀምረው ስሱ ቦታ ላይ ነው፣ ማለትም አፉ ላይ። ጎኑ እያብረቀረቀ አፉ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ምላጭ መታጠቢያ ቤት አያድርም። እኔ መኝታ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። የቆዳ ማኅደር ውስጥም አላስገባውም፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

ሲያልቅ ታጠቡትና በለስላሳ ጨርቅ ከጀርባ ወደ ስለት ጥረጉ። በአፉ ርዝመት ከሄዳችሁ ወይ ጨርቁ ይቆረጣል ወይ ጣታችሁ። በእጀታው መሃል ውሃ ስለሚቀር ሶፍት አጥፋችሁ አሳልፉበት። ብዙ ሰው ይቺን ይዘላታል። ከዚያ አንድ ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት። የምግብ ዘይት አይሆንም። በተለይ ኑግና ተልባ አየር ሲያገኛቸው ይደርቃሉ፣ ሙጫ ይሆናሉ። ሙጫውን ደግሞ መልሳችሁ በቆዳው ላይ ልታሹት ነው።

አንድ ለመንገደኛ፦ አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ አይገባም። በሚጫነው ሻንጣ አድርጉት።

የኮሎኙ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ባሉኝ መሠረት በአንድ አምፖል አየሁት። ያልጠበቅኩት ነገር ነው ያየሁት።

ጫፉ ላይ ብቻ አይደለም፣ መሃሉም ሙሉ በሙሉ አላበራም። እዚህም እዚያም ደቃቅ ብልጭታዎች ናቸው፣ ርቀታቸውም የተዘበራረቀ። ቆዳዬ እንጨት ላይ የተለጠፈ ስለሆነ ሊረግብ አይችልም። በማጉያ መነጽር ሳየው ብልጭታው ያለበት ቦታ ሁሉ ደቃቅ ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ ዙሪያ ቡናማ ጥላ አለ። ዝገት ይመስላል።

የሚገርመው ግን ዘይት እቀባዋለሁ። መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያድረው። ሲታጠፍ ከእጀታው ውጪ የሚቀረው አንገቱ ደግሞ ጽድት ያለ ነው። አንድ ነጥብ የለበትም።

ዱባይ_ላብ

አንገቱ ንጹሕ ከሆነ የአየሩ እርጥበት አይደለም። እርጥበት ቢሆን አንገቱን አይምረውም ነበር። በእጀታው መሃል ውሃ እየቀረ ይሆናል።

የኮሎኙ

ሶፍቱን አሳልፋለሁ። ክፍት አድርጌም ነው የማደርቀው፣ ከዚያ ነው የማጥፈው።

ዕቃ_ጠጋኝ

ጤና ይስጥልኝ። ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ፣ ዛሬ ግን ጣቴ አላርፍ አለ። ሥራዬ የድሮ ዕቃ ጥገና ነው። የኮሎኙ፣ እጀታው ከምንድን ነው የተሠራው?

የኮሎኙ

የኤሊ ልብስ (ቅርፊቱን) የሚመስል ነው። ቡናማና ቢጫ ቅልቅል፣ ብርሃን ያሳልፋል። ፕላስቲክ ይመስለኛል። በጣም የወደድኩትም በሱ ነው።

ዕቃ_ጠጋኝ

ጠርጥሬ ነበር። በማጉያ መነጽርህ እጀታውን እየው። ምላጩ የታሰረበት የናስ ሪቬት ዙሪያ አረንጓዴ ነገር አለ? እጀታው ውስጥስ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ይታያል? ከዚያ እጀታውን በአውራ ጣትህ እስኪሞቅ እሸውና አሽተው። ምን ይሸታል? እባክህ በጋለ መርፌ የሚነካ አለና እንዳትሞክረው። የምጠረጥረው ዕቃ ከሆነ ባንዴ ይነዳል።

የኮሎኙ

ሪቬቱ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት አለ! ቆሻሻ መስሎኝ ነበር። ስንጥቁ አንድ በኩል ብቻ ነው፣ ከውስጥ። ሽታው ቪክስ ውስጥ ያለው ሽታ ነው፣ በዚያ ላይ የሆነ ኮምጠጥ የሚል አለው።

ዕቃ_ጠጋኝ

እንግዲህ ምላጭህን የሚበላው እጀታው ነው።

ዕቃው ሴሉሎይድ ይባላል። ከናይትሮ ሴሉሎስና ከካምፎር ነው የሚሠራው፣ ቪክስ ውስጥ ያሸተትከው ካምፎሩን ነው። አሜሪካ ውስጥ የሃያት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1870 የፈጠራ መብት ካስመዘገቡበት በኋላ የዝሆን ጥርስንና የኤሊ ልብስን ተክቶ በየዕቃው ገባ፣ ማበጠሪያም የምላጭ እጀታም ሆነ። ሲያረጅ ግን ይፈርሳል። ሲፈርስ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ናይትሪክ አሲድ ይሆናል። ምላጩ ሲታጠፍ ሁለቱ የእጀታ ግድግዳዎች መሃል ስለሚያድር አሲዱ ሌሊቱን ሙሉ የሚያገኘው አፉን ነው። አንገቱ ውጪ ስለሚቀር ተረፈ። ናሱንም ነክቶታል፣ አረንጓዴው እሱ ነው።

ነጭ የዝሆን ጥርስ መሳዩ ሴሉሎይድ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ቀለሙ ውስጥ ዚንክ ኦክሳይድ ስላለ አሲዱን ያበርደዋል። ብርሃን የሚያሳልፈው፣ ያንተ ዓይነቱ ግን ቶሎ የሚፈርሰው ነው።

ዘይቱ ለተወሰነ ጊዜ ይከላከላል እንጂ አያድነውም። ሳዩም ጥፋት የለበትም፣ ብረቱም ደህና ነው። «ሶሊንገን» የሚለው ስም እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በጀርመን ሕግ የተጠበቀ ነው። ከዚያ በኋላ የተሠራ ከሆነ ማንም እንደፈለገ ሊጽፈው አይችልም ነበር።

ለጊዜው አታጥፈው። ክፍቱን፣ አየር በሚያገኝበት ቀዝቃዛ ቦታ፣ ልጅ የማይደርስበት ላይ አስቀምጠው። ከሌሎች ምላጮችና ከብረት ዕቃ አርቀው፣ ጋዙ ለጎረቤትም ይተርፋል። ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አትዝጋው፣ ሲታፈን ይፈጥናል። ከዚያ እጀታው መቀየር አለበት።

ጋሽ_ፒያሳ

እሰይ እህቴ! እኛ ጋ የነበሩት ባለ ቀንድ እጀታ ነበሩ። ቀንድ ብል ይበላዋል፣ ይጣመማል፣ አሲድ ግን አይተፋም። ይህን ሁሉ ዕድሜ በምላጭ ኖሬ እጀታ ምላጭ ይበላል ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ለመሆኑ ስንት ምላጭ በሳይ እጅ እንዲህ አልቋል?

ዕቃ_ጠጋኝ

ብዙ ጋሼ። ሰው የሚያየው ፊቱ ላይ የሚሆነውን ነው። ምላጩ በቀን አሥር ደቂቃ ይሠራል፣ ቀሪውን ሰዓት ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። እኔ የተበላሸ ስለት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደሚያድር ነው።

ዲሲ_ድንጋይ

ይሄን ክር ለሁሉም ነው የምልከው። እኔም ሁለት የኤሊ ልብስ መሳይ አሉኝ፣ ዛሬውኑ ነው ከሌሎቹ የምለያቸው።

የኮሎኙ፣ ጉድጓዶቹን በተመለከተ፦ ከአፉ ራቅ ብለው ጎኑ ላይ ያሉት ምንም አያደርጉህም። መልኩ ነው እንጂ ሥራውን አይነኩም። አፉ ላይ የደረሱት ግን 1000 ድንጋይ ላይ ጉድጓዱ እስኪያልቅ መሄድ አለባቸው፣ ከዚያ ወደ ላይ 4000፣ 8000፣ 12000። እጀታው ሳይቀየር አታስልው፣ ገንዘብህን ነው የምታፈስሰው።

ራስህ ከሳልከው የድንጋዩን ፊት ማስተካከል አትርሳ። ቢላ ሲሳልበት የኖረ ድንጋይ መሃሉ ይጎደጉዳል። ፊቱ ላይ በእርሳስ አራት ማዕዘን መረብ ሳልበትና መስታወት ላይ ባነጠፍከው የብርጭቆ ወረቀት ላይ በውሃ እሸው። እርሳሱ በሙሉ ሲጠፋ ድንጋዩ ተስተካክሏል። መሃል ላይ እርሳስ ከቀረ ገና ነው።

ድንጋዩን እስክትለምድ ደግሞ ለመሃሉ ጊዜ ክሮም ኦክሳይድ የሚባለው አረንጓዴ ቅባት አለ። ግማሽ ማይክሮን የሚሆነው ዓይነት ለብቻው በተያዘ ሸራ ላይ ስስ ተደርጎ ይቀባል። ቆዳህ ላይ ግን አትቀባው። አንዴ የገባ ቅባት አይወጣም።

የኮሎኙ

ልቤ ነው ያረፈው። ግን እጀታውን ማንሳት ያሳዝነኛል፣ የገዛሁት እኮ በሱ ነው። ምትኩን ከምን ላሠራው?

የእንጨት_ሰው

አናጢ ነኝ፣ እዚህ ጋ እኔ ልግባ። ወይራ ውሰድ። ጠጣር ነው፣ ቅባት አለው፣ ውሃ ቶሎ አያስገባም። ጀርመን ውስጥም የወይራ እንጨት አታጣም። እንደ ኦክ ያለ ታኒን የበዛበት እንጨት ግን ተው፣ ሲረጥብ ብረት ያጠቁራል። ሁለት ስስ ጠፍጣፋ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ሁለቱን አንድ ላይ አጣብቀህ ቅረጻቸው፣ እኩል እንዲሆኑ። ከዚያ ለያያቸው።

የድሮውን ሪቬት ራሱን በሞረድ ፍቅና ግፋው። በመዶሻ አትንቀለው፣ አንገቱን ትሰብራለህ። ከእጀታው የኋላ ጫፍ ሁለቱን ግድግዳ የሚለያይ ሽብልቅ አለ። በአሮጌዎቹ ላይ ሽብልቁ እርሳስ ብረት ሊሆን ስለሚችል እጅህን ታጠብ፣ አቧራውን አትሳብ። ያ ሽብልቅ ነው ምላጩ ሲታጠፍ አፉ ግድግዳ እንዳይነካ የሚያደርገው። አዲሱን በደንብ አስላው። ከሳሳ ምላጩ በታጠፈ ቁጥር እንጨቱን ይቆርጣል።

ለሪቬቱ 1.6 ሚሊ ሜትር የናስ ሽቦ ይበቃል፣ በሁለቱም በኩል ትንንሽ ቀለበት (ዋሸር) አድርግበት። ራሱን በትንሽ ክብ መዶሻ ዙሪያውን እያልክ ቀስ ብለህ ምታ። መቶ ትንንሽ ምት ይሻላል ካንድ ትልቅ።

የኮሎኙ

ወይራውን አዝዣለሁ። የድሮውን እጀታ ምን ላድርገው? መጣል አልቻልኩም።

ዕቃ_ጠጋኝ

ፎቶ አንሳው። ከዚያ ለብቻው፣ ክፍት በሆነ የወረቀት ሳጥን ውስጥ፣ ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። መጣል ካለብህ ከተማህ አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበልበት ቦታ ይኖራል። ከቤት ቆሻሻ ጋር አይሆንም፣ በቀላሉ ይነዳል።

ጋሽ_ፒያሳ

ሥራ ከመጀመርህ በፊት ስለቱን በፕላስተር ጠቅልለው፣ በወፍራሙ። ለሱም ለጣትህም ነው። መዶሻ እየመታህ ምላጩ ቢያመልጥህ እንዳትቀልበው፣ ይውደቅ። ሥር ወፍራም ፎጣ አንጥፍ። ስትላጭም እንደዚያው፣ መታጠቢያው ገንዳ ላይ ፎጣ ይኑር።

ሪቬቱንም አታጥብቀው። ከፍተህ ስትለቀው በራሱ አይውደቅ፣ ግን በአንድ ጣት ስትገፋው ይታጠፍ። ሲታጠፍም መሃል ለመሃል ይግባ፣ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሽብልቁን መልሰህ እየው።